ከወንበሩ ክንድ ስር ያለው ቁልፍ

ባለቤቴ አናጺ ነበር። የተጋባነው ወሎ ነው፣ ከደሴ ብዙ ሳይርቅ። ጣልያን መንገድ ሲሠራ መቀሌ ላይ አናጺ ይፈለጋል የሚል ወሬ መጣና እሱ መጋዝና መዶሻውን በከረጢት ይዞ ቀድሞ ሄደ። እኔ በዓመቱ ገደማ በጭነት መኪና፣ የበርበሬ ጆንያ ላይ ተቀምጬ ስስል ስስል ተከተልኩት። ከመስጊዱ ጀርባ ከአንዲት መበለት ግቢ አንድ ክፍል ተከራየን። ሴትዮዋ ክርስቲያን ናቸው፤ አማርኛቸው ጥቂት ነው፣ የእኔም ትግርኛ ያን ጊዜ ከሰላምታ አያልፍም። እኔ «አደይ»፣ እናቴ እላቸዋለሁ፣ እሳቸው «ጓለይ»፣ ልጄ ይሉኛል፤ የቀረውን በእጅ እንግባባለን።

ሁለታችንም የምንሠራው ለአንድ ጣልያን ነበር። የጭነት መኪና የሚጠገንበት ጋራዥ ሹም ነው። ቀድሞ በምጽዋና በአሥመራ መካከል በሚሄደው ባቡር ላይ ሠርቷል፤ እዚያ አደጋ ደርሶበት አንዱ ጉልበቱ አይታጠፍም። ሲቀመጥ ያን እግሩን ፊት ለፊቱ ገትሮ ነው። ሚስቱ አገሯ ቀርታለች። ስለ እሱ ስናገር ሰዎች የሚጮህና በጅራፍ የሚማታ ሰው ይታያቸዋል፤ እንዲያ አልነበረም። አንድ ቀን እንኳ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ አልሰማሁም። ልብሱን አጥቤ ተኩሼ ስሰጠው ያመሰግነኝ ነበር። የእሱ ነገር መሰልቸት ነው። መቀሌ ሰለቸችው፣ ጋራዡ ሰለቸው፣ የጓደኞቹ ጨዋታ ሰለቸው፤ ሲሰለቸው ደግሞ የሚጫወትበት ሰው ይፈልጋል።

አንድ ቀን ከአሥመራ በመጣ መኪና ሣጥኖች ተራገፉ። ባለቤቴ በሚስማር ማውጫ ሲከፍታቸው በገለባ የተጠቀለሉ ትናንሽ ባቡሮች ወጡ። ሞተራቸው፣ ፉርጎአቸው፣ መስኮታቸው ሳይቀር እንደ እውነተኛው ነው፤ ግን አንዱ ፉርጎ ከክንዴ አይበልጥም። ሐዲዱም በቁራጭ በቁራጭ መጣ። ሹሙ ባለቤቴን ሳሎኑን የሚሞላ ጠረጴዛ አሠራው። ጠረጴዛው እዚያው ሳሎን ውስጥ ነው የተገጣጠመው፤ ሲያልቅ ከበሩ ወገን በቀር በዙሪያው አንድ ሰው በጎኑ ብቻ ያልፋል። ከዚያ ሹሙ ለራሱ ባለ ክንድ ወንበር አሠራ፣ እግሩን ገትሮ ጠረጴዛውን ዳር ሆኖ የሚያይበት። ባለቤቴ በዚያ ወንበር ላይ ብዙ ደከመ። ክንዱን በአሸዋ ወረቀት ሲያለሰልስ ውሎ፣ ማታ እጁን እያሻሸ «እንዲህ ያለ ለራሳችንም እሠራለሁ» ይለኝ ነበር።

ተራራው ከጆንያና ከጄሶ ተሠራ፤ ቤቱ፣ ዛፉ፣ ዋሻው ሁሉ ተደረገ። ኤሌክትሪኩ ከማድ ቤቱ ጀርባ ከምትጮህ ሞተር ነው የሚመጣው። ባቡሩ ሲሄድ አይቼ ገረመኝ፤ ከባቡሩ ይልቅ ግን የገረመኝ ሐዲዱ ነው። ሐዲዱ ለሁለት በሚከፈልበት ቦታ ሁሉ እንደ ምላስ ያለች ቀጭን ብረት አለች። ምላሷ ወዲህ ካለች ባቡሩ ወዲህ ይሄዳል፣ ወዲያ ካለች ወዲያ። በእውነተኛው መስመር ላይ ይህን የሚሠራ ሰው ሐዲዱ ዳር ቆሞ ዘንግ ይጎትታል አሉ። እዚህ ማንም አይነካትም። ከስሯ ማግኔት አለ፤ ከማግኔቱ ሽቦ ተነሥቶ በጠረጴዛው ሆድ አልፎ ግድግዳው ዳር ወዳለች ሰሌዳ ይሄዳል። ሰሌዳዋ ላይ ቁልፎች ተደርድረዋል። አንዱን ጫን ሲሉት ከክፍሉ ወዲያ ጫፍ ቀጭ ይላል፣ ምላሷ ትዞራለች።

ሹሙ ይህን ለባለቤቴ አስተማረው። ትከሻው ላይ እጁን ጣል አድርጎ፣ እንደ ወንድም፣ ደጋግሞ አሳየው። ባለቤቴም ቶሎ ያዘው። ሁለት ባቡሮች ፊት ለፊት እየመጡ አንዱን ወደ ጎን መስመር አስገብቶ ሌላውን ያሳልፋል፤ ከዚያ መልሶ ያወጣዋል። ሹሙ ከአሥመራ ያመጣውን ቀይ ቆብ ሰጠው፣ «ካፖ ስታሲዮኔ» አለው። የባቡር ጣቢያ ሹም ማለት ነው። ያን ሰሞን ባለቤቴ ቤት ሲመጣ ስለ ሌላ ነገር አያወራም። ሹሙ በሰው ፊት የእጁን ፍጥነት እንዳመሰገነለት፣ ጋራዥ ውስጥ ካሉት ጣልያኖች እንኳ እንደሱ የሚችል እንደሌለ ይነግረኛል። ደስታው ደስ ይለኝ ነበር። አብረን እንስቃለን።

እሑድ ከሰዓት እንግዶች ይመጣሉ፤ መኮንኖች፣ የመንገድ ሥራ ተቋራጮች፣ አንድ ሐኪም። እኔ ብርጭቆ አመላልሳለሁ። ባለቤቴ ቀይ ቆቡን አድርጎ ሰሌዳው ጋ ይቆማል። መጀመሪያ አጨበጨቡለት። በሚቀጥለው ጊዜ ትንሽ አጨበጨቡ። ከዚያ ባቡሮቹ ሳይጋጩ ሲያልፉ ማንም ዞር ብሎ አያይም፤ ስለ ሌላ ነገር ያወራሉ። ሹሙ ይህን አይቶ ከንፈሩን ሲነክስ አየሁት።

ከዚያ ወዲህ ባቡሮቹ መጋጨት ጀመሩ። ባለቤቴ ቁልፉን ይጫናል፣ ምላሷ ትዞራለች፣ ባቡሩ ሊደርስ ሲል ግን መልሳ ትዞርና ሁለቱ ባቡሮች ይላተማሉ። ፉርጎዎቹ ይገለበጣሉ። እንግዶቹ ይነሣሉ፣ ይስቃሉ። ሹሙ በተረጋጋ ድምፅ፣ ጣቢያውን ያልጠበቀ ሹም ራሱ ባቡር ይሆናል አለ። ባለቤቴ መጀመሪያ አልገባውም። ሐኪሙ በእጁ ወለሉን አሳየው። በአራት እግሩ ሆኖ እንደ ባቡር እየጮኸ ጠረጴዛውን እንዲዞር፣ የወደቀውንም ፉርጎ በጥርሱ እንዲያነሣ ነው። ባለቤቴ ትልቅ ሰው ነው፣ ጺሙ ውስጥ ሽበት ጣል ጣል ያለበት። እኔ በሩ ላይ ብርጭቆ ይዤ ቆሜ ነበር። ሲያየኝ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፣ ከዚያ ተንበረከከ።

እንግዶቹ ከዚያ በኋላ እሑድ እሑድ አይቀሩም። ባለቤቴ አንዳንዴ ይሳካለታል፣ አንዳንዴ ባቡሮቹ ይጋጫሉ። ሁልጊዜ ቢበላሽ ኖሮ ምናልባት ይነቃ ነበር። እሱ ግን እጁ የዘገየ መሰለው። ቤት ሲመጣ በከሰል ወለሉ ላይ ሐዲድ ይሥልና ጣቱን እየጫነ ይለማመዳል። ጣቶቹን ቅቤ ይቀባል። ከዚያ እጁን ትቶ ወደ እኔ ዞረ። እሑድ ጠዋት የሠራሁትን አይበላም፣ ገደ ቢስ ነሽ አለኝ። በሩ ላይ ቆሜ ስላየሁት ነው የሚበላሽበት። አንድ ቀን በሜትር እንጨቱ ጀርባዬን መታኝ። ያን ዕለት እዚያ ቤት ውስጥ ፉርጎ በጥርሱ አንሥቶ ነበር የመጣው። አደይ ጩኸቱን ሰምተው በሩን ቢያንኳኩ፣ ምንም የለም ብዬ መለስኳቸው።

አንድ ቅዳሜ ሹሙ ጋራዥ ሳለ ሳሎኑን ስጠርግ የጠረጴዛው ሆድ ስር ገባሁ። ሸረሪት ያደራበታል፣ አልፎ አልፎ እጠርገዋለሁ። ሽቦዎቹ ሁሉ ወደ ሰሌዳዋ ነው የሚሄዱት፤ አንዱ ግን፣ አዲስ፣ ቀይ ጨርቅ የለበሰ፣ ብቻውን ተገንጥሎ ወደ ሹሙ ወንበር ይሄዳል። በወንበሩ እግር ውስጠኛ በኩል ወጥቶ ክንዱ ስር ይገባል። እጄን ሰድጄ ዳሰስኩት። ክንዱ ስር ቀዳዳ አለ፤ ቀዳዳው ውስጥ ቁልፍ። ጫን ስለው ከላይ ቀጭ አለ። ከጠረጴዛው ስር ወጥቼ አየሁ፤ የጎን መስመሩ ምላስ ዞራለች። እንደገና ጫንኩት፣ ተመለሰች። መጥረጊያዬን ይዤ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ሹሙ ከንፈሩን የነከሰ ጊዜ ያሰበው ይኸንን ነበር።

ለባለቤቴ ነገርኩት። ደስ የሚለው መስሎኝ ነበር። የእጁ ጥፋት እንዳልሆነ ሲሰማ ዕረፍት የሚያገኝ መስሎኝ ነበር። «ያንን ወንበር የሠራሁት እኔ ነኝ። ቀዳዳ የለውም» አለ።

ኋላ የተበሳ ነው አልኩት። መስጊድ ስትሄድ፣ ዓርብ ከሰዓት፣ ማን ያይ ነበር አልኩት። በጥፊ መታኝና ወጣ።

ሰኞ ጠዋት በሹሙ ግቢ ውስጥ ልብስ ሳሰጣ፣ ባለቤቴ ከሹሙ ጋር ሲነጋገር በመስኮቱ አየሁት፣ ሰማሁትም። ሊከሰው አልነበረም። ሚስቴ እንዲህ ያለ ወሬ አመጣች ብሎ፣ ሹሙ «ውሸት ነው» እንዲለው ነው የጠየቀው። ሹሙ ሳቅ አለ። ከወንበሩ ተነሥቶ፣ ወንበሩን አጋድሞ ክንዱን ከስር አሳየው። ባለቤቴ ጎንበስ ብሎ የራሱን ሥራ፣ የተበሳውን ክንድ፣ በጣቱ ነካው። ከዚያ ቀና ሲል አብሮት ሳቀ። ያ ሳቅ ከሜትር እንጨቱ ይልቅ አመመኝ።

ሹሙ ጠራኝ። አማርኛና ትግርኛውን እየቀላቀለ ጎበዝ ሚስት እንደሆንኩ፣ ዓይኔ ደህና እንደሚያይ ተናገረ። የሚመጣው እሑድ ብርጭቆ አላመላልስም፤ ወንበሩ አጠገብ እቆማለሁ፣ እጄን ክንዱ ስር አድርጌ፣ እሱ ሲስል ቁልፉን እጫናለሁ። ይህን ሁሉ የተናገረው ባለቤቴ እየሰማ ነው። ባልጫን ምን እንደሚሆን አልተናገረም። መናገር አያስፈልገውም ነበር፤ በዚያ ጊዜ እሱን ያስቆጣ ሰው ወደ አላጌ ተራራ ለመንገዱ ድንጋይ ሊፈነቅል ይላካል፣ ከዚያ የሚመለሰው ጥቂት ነው።

ያን ሳምንት ባለቤቴ አልመታኝም። አላናገረኝምም። ቅዳሜ ምሳ በልተን ስናበቃ፣ ምን ላድርግ ብዬ ጠየቅኩት። ተጫኚው ቢለኝ እጫነው ነበር፤ ተዪው ቢለኝ እተወው ነበር። ትሪውን ወደ እኔ ገፋ አደረገና «እጅሽ የራስሽ ነው» አለኝ።

እሑድ እንግዶቹ ሞልተው መጡ። ነጭ ሽርጥ ታጥቄ በወንበሩ ቀኝ በኩል ቆምኩ፤ እጄ ክንዱ ስር፣ አውራ ጣቴ ቁልፉ ላይ። ሹሙ በግራ እጁ ሲጋራውን ይዟል። ቀኝ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ የተገተረ እግሩን ያሻሻል። ባለቤቴ ቀይ ቆቡን አድርጎ ሰሌዳው ፊት ቆመ፣ አላየኝም። ባቡሮቹ ተነሡ።

ሹሙ ሳለ። አልተጫንኩም። ለባሌ ብዬ ነው ብል ውሸት ይሆንብኛል፤ ጀርባዬ ገና ያመኝ ነበር፣ እሱንም ጠልቼው ነበር። ግን አልተጫንኩም። በቃ አልሆነልኝም። ባቡሮቹ ተላለፉ። እንግዶቹ ጠበቁ። ሹሙ እንደገና ሳለ፣ ጠንከር አድርጎ። አሁንም አልተጫንኩም፣ አሁንም ተላለፉ። የባለቤቴ ትከሻ ዘና ሲል አየሁ። ጣቱ ቁልፎቹ ላይ እንደ ድሮው መሮጥ ጀመረ። ከእንግዶቹ አንዱ ብራቮ አለ።

ያኔ ሹሙ ቀኝ እጁን ከጭኑ አንሥቶ በሽርጤ ስር ሰደደና አውራ ጣቴ ላይ የራሱን አውራ ጣት አስቀመጠ። ፊቱን ወደ እኔ አላዞረም፤ ሲጋራውን እየሳበ ባቡሮቹን ያያል። ሞተሮቹ ሊገናኙ ሲሉ ጫነ። ጥፍሬ በብረቱና በእሱ ጣት መካከል ሲሰነጠቅ ተሰማኝ። ጮኼ ይሆናል፤ ባቡሮቹ ሲላተሙ እንግዶቹ ስለጮኹ ማንም አልሰማኝም። እጄን ለመንጠቅ ስታገል አልለቀቀኝም። ባለቤቴ ዞሮ እስኪያይ ጠበቀ። ባለቤቴም ዞሮ አየ፦ ባቡሮቹ ተገልብጠዋል፣ የእኔ ክንድ እስከ ክርኑ ወንበሩ ስር ገብቷል፣ የሹሙ ሲጋራ የያዘው እጅ ከላይ ለሁሉም ይታያል። ከዚያ በኋላ ነው የለቀቀኝ።

ባለቤቴ ሳይታዘዝ ተንበረከከ። እንደ ባቡር እየጮኸ ዞረ። በእግሬ አጠገብ ሲያልፍ ቀና ብሎ አላየኝም።

ቤት ስንገባ እኔ አልተጫንኩትም አልኩት፤ የተጫነው የእሱ እጅ ነው።

«የሱ እጅ ሲጋራ ይዟል። አይቻለሁ» አለ።

«አንዱ እጁ ነዋ» አልኩት። «ሁለት እጅ አለው።»

መኝታውን ወደ ግድግዳው አስጠግቶ ጀርባውን ሰጠኝ። በማግስቱ አደይ ግቢ ውስጥ እጄን በሽርጤ ጠቅልዬ ሲያዩኝ ገለጥ አደረጉት። ጥፍሬ ጠቁሮ ግማሹ ተነሥቷል። ምን ሆንሽ አላሉኝም። ውሃ አሙቀው ጨው ጨመሩበት፣ እጄን ነከሩት፣ በንጹሕ ጨርቅ አሰሩልኝ። ከዚያ እጄን ይዘው ባለቤቴ እንጨት ወደሚልግበት ወሰዱኝና በዚያች ጥቂት አማርኛቸው «እያት» አሉት። መላጊያውን ሳያቆም፣ ዕቃ ወድቆባት ነው አለ። አደይ ያንን ቀን ሙሉ በትግርኛ ብቻቸውን ሲናገሩ ዋሉ። ከዚያ በኋላ ባለቤቴን በስሙ ጠርተው አያውቁም።

ሹሙ ከዚያ ወዲያ ወንበሩ አጠገብ አላቆመኝም። ጨዋታው ለእሱ አልቋል። ባቡሮቹንም ቀስ በቀስ ተዋቸው፣ አቧራ ጠጡ። እኔና ባለቤቴ ግን ያንኑ ጨዋታ ቤታችን ውስጥ ቀጠልን። መስጊድ ግቢ ለሚያገኛቸው ወሎዬዎች ሚስቱ ለጣልያን ብላ በሰው ፊት እንዳዋረደችው ይነግራቸዋል። ሴቶቻቸው ሰኞ ገበያ ላይ ሲያገኙኝ ሰላምታዬን በግማሽ ነው የሚቀበሉት።

እንግሊዞች መጡ በተባለ ጊዜ ጣልያኖቹ የቻሉትን ይዘው ይወጡ ጀመር። ሹሙ ሻንጣውን እንድናዘጋጅ አስጠራን። ባለቤቴ ሻንጣዎቹን መኪናው ላይ ጫነ፣ እኔ የተተኮሱ ሸሚዞቹን በእቅፌ ይዤ ቆሜያለሁ። ሹሙ እግሩን በእጁ አንሥቶ መኪናው ውስጥ ሲገባ ባለቤቴ ተጠጋው። ቆቡን አውልቆ፣ በትሕትና፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት አለው። «ያን እሑድ የተጫነው ማነው፣ እርስዎ ነዎት ወይስ እሷ?»

ሹሙ አየኝ። ያን ጊዜ አንዳችም የሚፈልገው ነገር አልነበረም። መቀሌን ሊለቅ ነው፣ ዳግመኛ አያየንም፤ እውነቱን ቢናገር አንዲት ሳንቲም አያጎድልበትም። ሸሚዞቹን ከእቅፌ ተቀበለኝና እንደ ልማዱ አመሰገነኝ። ከዚያ ወደ ባለቤቴ ዞሮ «እሷ ናት» አለ። «ደስ ብሏት ነው የተጫነችው።» ለሹፌሩ ምልክት ሰጠ፣ ሄዱ።

«ሰማሽ?» አለኝ ባለቤቴ። ሰምቻለሁ።

ሽማግሌዎች ፊት ቀረብን። እሱ የሹሙን ቃል ተናገረ፣ እኔ የራሴን። ምስክር አለሽ ወይ አሉኝ። ምስክሬ በመኪና ሄዷል፤ ጥፍሬም ድኖ አዲስ በቅሏል። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ደግ ሰው ነበሩ፣ ይቅር ተባባሉ አሉን፤ ይቅርታ ለመቀበል ደግሞ አድርጌዋለሁ ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ባለቤቴ ፈታኝ። መጋዝና መዶሻውን በከረጢቱ ጨምሮ ወደ ወሎ በሚወርድ መኪና ሄደ።

የሹሙ ቤት ባዶ እንደቀረ ሰዉ ገባበት። ባቡሮቹን ማን እንደወሰዳቸው አላውቅም፤ ሐዲዱን ቀጥቃጮች ወስደው አቀለጡት አሉ። ጠረጴዛው በበሩ አልወጣ ብሎ በመጋዝ ቆራረጡት። እኔም ሄጄ ነበር። ወንበሩን አየሁት፣ አልነካሁትም። ትልቁን የልብስ ማጠቢያ ገንዳ ተሸክሜ ወጣሁ፤ በዚያ ገንዳ የሰው ልብስ እያጠብኩ መኖር ጀመርኩ። አደይ የክፍሉን ኪራይ አልጠየቁኝም። ሲያረጁ የጦርኳቸው እኔ ነኝ። ትግርኛዬ የዚያን ጊዜ የተማርኩት ነው፤ እስከ ዛሬ «ሐ»ን ከጉሮሮዬ አውጥቼ ስናገር የወሎ ሰዎች ይስቁብኛል።

ከብዙ ጊዜ በኋላ ሰኞ ገበያ ላይ አንድ የወሎ ነጋዴ አነጋገሬን ሰምቶ የየት አገር ሰው እንደሆንኩ ጠየቀኝ። ነገርኩት። ነገር ነገርን አንሥቶ ያን የፈታኝን ሰውዬ ያውቀው ኖሮ፣ ኮምቦልቻ በርና መስኮት የሚሠራ፣ ሥራው የታወቀ አናጺ እንደሆነ፣ አግብቶ እንደወለደ አወራኝ። መቀሌ ኖሮ ያውቃል አይደል አልኩት።

«ኖሯል» አለ ነጋዴው። «የመጀመሪያ ሚስቱ እዚሁ ነው የሞተችበት ይላል።»

ሸማውን ሲያጣጥፍ ቆይቶ ቀና ብሎ አየኝ፤ ፊቱ ተለወጠ። የገባው ይመስለኛል።

«አላህ ይርሐማት በለው» አልኩት።

ሊስቅ ፈልጎ ሳይስቅ ቀረ። አደይ ምሳ እየጠበቁኝ ነበርና ጎመኑን ገዝቼ ወደ ቤት ሄድኩ።